ሙከራ ነው፤ ማንም አልሞተም

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ለተሥላሴ ይህን ሰዓት የምታውቀው ከሰው ሰምታ አይደለም። በገዛ እጇ የሠራችው የስልክ መተግበሪያ መዝግቦ ያስቀረው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የእናቷ የወይዘሮ እንጉዳይ ሞት ከደብረ ታቦር ወጥቶ በየዕድርተኛው ስልክ ገባ።

እናቷ ያረፉት ጎህ ሲቀድ ነበር። ደም ግፊታቸውን ለዓመታት ሲያስታምሙ ኖረው፣ ያን ሌሊት አልቻሉትም። ውርጩ ገና ከአጥሩ ላይ ሳይነሣ ጎረቤት ግቢውን ሞላው። የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ፈንታሁን፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ካፖርታቸውን በጋቢ ላይ ደርበው መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠርገው ስልካቸውን አወጡ። የሟችን ስም ጻፉ፤ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ጨመሩ፤ ተጫኑት። ግቢው ውስጥ ያሉት የዕድርተኞች ስልኮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኹ።

«ደረሰ» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ እንባቸውን ሳያብሱ። «አየሽ ልጄ፣ አንዱም አልቀረ።»

ለተሥላሴ ያን ጊዜ ምንም አላሰበችም። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ይዘዋት መሬት ተቀምጣለች። ነገሩ የገባት የእናቷ ወንድም አያ ንብረት ከገሳይ በመጀመሪያው መኪና ደርሰው፣ አልቅሰው፣ አረፍ ካሉ በኋላ የቤቱን ሰው ጓዳ ሰብስበው ሲናገሩ ነው።

«ደሳለችን ማንም እንዳይነግራት። በስልክ የእናት ሞት አይነገርም። እንደ ወጉ ሰው ተሰብስቦ፣ ይዟት፣ አብሯት የሚያለቅስ ባለበት ትስማ። እዚያ አገር አበሻ ጠፍቷል?»

ደሳለች የለተሥላሴ ታናሽ እኅት ናት። ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች።

«አለ እንጂ አያ» አለች ሚሚ። ሚሚ ራሷ ኩዌት አምስት ዓመት ኖራ የተመለሰች፣ አሁን ከለተሥላሴ ጋር የስልክ መጠገኛ ሱቅ የያዘች ጓደኛዋ ናት። «ዓርብ ዕረፍታቸው ነው። ብዙ ዘመን የቆየች ትልቅ ሴት አለች፤ ሴቶቹን ሰብስባ እሷ ቤት ትጠራታለች። እነግራታለሁ።»

«ዓርብ ይሁን» አሉ አያ ንብረት። «መርዶ አይሮጡበትም። ሁለት ቀን ብታርፍ ምን አላት? ዕድሜ ልኳን ታለቅሰው የለ።»

ያኔ ለተሥላሴ ቀና አለች።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። አዲስ አበባ የዌብና የሞባይል መተግበሪያ ሠሪዎች ጉባኤ ተጠርቶ፣ ለተሥላሴና ሚሚ ሁለቱም ሄዱ። ለተሥላሴ ኮድ መጻፍ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም፤ ከተሰበሩ ስልኮች መካከል ተቀምጣ፣ ኔትወርክ ሲኖር ቪዲዮ እያወረደች፣ ሲጠፋ ያወረደችውን እየደጋገመች ነው። አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተሩን በተለጣፊ ሥዕል ያስጌጠ ወጣት ሞልቷል። «እዚህ ቤት የእኔና ያንቺ ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው» ብላ ሚሚ ስትንሾካሾክ ነበር። ለተሥላሴ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷት የዕድር መተግበሪያዋን አሳየች። ሰው ሲሞት ጸሐፊው አንዴ ይጫናል፣ አባሉ ሁሉ ይሰማል፤ የሟች ቤት ሰዎች ስልክ ግን አይጮኽም። ለዚህ አስባበታለች።

ዳኛቸው የሚባል ስመ ጥር ባለሙያ ከፊት ወንበር እጁን አወጣ።

«ስልኩ ዝግ ቢሆንስ?»

«ያልፈዋል» አለች።

«የሞት ጥሪ ያልፈዋል? እኅቴ፣ የቅናሽ ማስታወቂያ እኮ አይደለም።»

ሰው ሳቀ። እሷም አፍራ ሳቀች። ዳኛቸው ግን ለማላገጥ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በራሱ ንግግር ላይ ነገሩን አነሣው። «መልእክት እንደ ሽማግሌ ይሁን» አለ። «ደጁ ዝግ ቢሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ አይመለስም። መድረሱን እወቁ፤ መነበቡን እወቁ። ሙከራችሁንም ጎረቤታችሁ ላይ አታድርጉት። ከሁሉ ሩቅ ላለው፣ ከሁሉ አሮጌ ስልክ ለያዘው ስጡት። እሱ ጋ ከደረሰ ሁሉ ጋ ይደርሳል።»

ሚሚ በክርኗ ጎሰመቻት። «ከሁሉ ሩቅ፣ ከሁሉ አሮጌ ስልክ? ደሳለች ናታ!»

በታኅሣሥ ለተሥላሴ የተማረችውን ሁሉ ሠራችው። መልእክቱ እንዲጠብቅ፣ እንዳይመለስ፣ ሲደርስ «ደርሷል»፣ ሲነበብ «ተነቧል» እንዲል አደረገች። የደሳለችንም ስልክ ለሙከራ አስገባች፤ ከእናቷ ቤት ሥር ሳይሆን ለብቻው፣ ከሙከራ ቁጥሮች ጋር። የመጀመሪያውንም መልእክት ላከች፦ «ሙከራ ነው፤ ማንም አልሞተም።»

ደሳለች በድምፅ መለሰች። ሁለቱ ሁልጊዜ የሚነጋገሩት በድምፅ ነው። ለተሥላሴ ቀኑን ሙሉ ፊደል ስትነካ ስለምትውል፣ ከመተግበሪያው ሙከራ በቀር ለእኅቷ አንድ ቃል እንኳ ጽፋ አታውቅም።

«ውይ እታለም! ድስቱን ጣልኩት እኮ! ሞት ደግሞ ይሞከራል? ለነገሩ ማንም ካልሞተ ተመስገን።»

ከዚያ ወዲያ ጨዋታቸው ሆነ። ለተሥላሴ አንድ ነገር ባስተካከለች ቁጥር «ሙከራ ነው፤ ማንም አልሞተም» ይሄዳል፤ ማታ ከኩዌት «ተመስገን!» የሚል የሳቅ ድምፅ ይመጣል። እናታቸው ከመደቡ ላይ ሆነው ይሰሙና «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» ይላሉ። የነገሯቸው ዕለት እሳቸውም ሳቁ። «እንግዲህ የእኔ ጊዜ ስሜን አበላሽታችሁ እንዳትልኩት» አሉ።

አቶ ፈንታሁን ስሙን አላበላሹትም። ግን ያ ለብቻው የተቀመጠ የሙከራ ቁጥር የሟች ልጅ መሆኑን መተግበሪያው አያውቅም ነበር።

ለተሥላሴ ሚሚን ወደ ጓዳው ጥግ ሳበቻት። «ለደሳለች ሄዷል» አለቻት፣ በጆሮዋ።

«ምኑ?»

«የእምዬ። ከሙከራዎቹ አላወጣኋትም።»

ሚሚ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ስልኳን እኮ ማዳሟ ነው የምትይዘው። ልጆቹ እራት ሲበሉ፣ አንድ ሰዓት ግድም ነው የምትሰጣት። ሰዓቱ ከእኛ አንድ ነው። እስከዚያ ጊዜ አለን፤ ተነሽ!»

ለተሥላሴ ከመሬት ስትነሣ የያዟት ሴቶች አብረዋት ተነሡ። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትለቀቅም። «ወዴት ነው? ወዴት ነሽ እቴ?» ሚሚ «አየር ትቅመስ፣ እኔ ይዣታለሁ» ብላ አስለቀቀቻት። ከደጃፉ ላይ አያ ንብረት ቆመዋል።

«ወዴት ነው?»

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ አያ።»

«ሱቅ?» አሉ፤ የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። «እናትሽ ሳትቀበር የምን ሱቅ ነው? ምን ይልሻል ሰው?»

ልትነግራቸው አልቻለችም። ግቢው ሰው ነው፤ ጸሐፊውም እዚያው ናቸው፤ ያን ዕለት እሳቸውን ማን ያሳቅቃቸዋል? አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች አለፈች። ከኋላዋ አንዲት ሴት «ሆድ ቢብሳት ነው» ስትል፣ ሌላዋ «ኧረ ኮምፒውተሯን ልታይ ነው፤ ዘንድሮ ለቅሶም በማሽን ሆኗል» ስትላት ሰማች።

ሱቁን ከፍተው ኮምፒውተሩን አበሩት። ስሞቹ ተደርድረው ወጡ፤ «ተነቧል»፣ «ተነቧል»፣ «ደርሷል»፣ እያለ ይወርዳል። ከመጨረሻው ላይ፦ ደሳለች፣ «ወጥቷል፤ ስልኩን እየጠበቀ ነው።»

ለተሥላሴ የእኅቷን ስም አጠፋችው። ስሙ ጠፋ። መልእክቱ ግን ከእሷ እጅ ወጥቶ፣ በሰው አገር ባለ ማሽን ላይ ተቀምጦ የደሳለች ስልክ እስኪበራ ይጠብቃል።

«መልሺው!» አለች ሚሚ። «አንቺ አይደለሽ የሠራሽው?»

«አይመለስም። እንዳይመለስ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ሚሚ የማዳሟን ቁጥር ከደሳለች የድሮ መልእክት ፈልጋ ደወለች። በአረብኛ ልታስረዳት፣ ስልኩን እስከ ዓርብ እንዳትሰጣት ልትለምናት ነበር። ጠራ፤ አልተነሣም። ደግማ ደወለች፤ አልተነሣም። በሦስተኛው ተዘጋ።

«የማታውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ነው፤ አታነሣውም» አለች ሚሚ። «እኔም እዚያ ሆኜ እንደዚሁ ነበር።»

«ሴቶቹ ዛሬ ይሂዱላት።»

«ሰው ቤት እኮ ነው ለቴ። ማን በሩን ከፍቶ ያስገባቸዋል?»

ለተሥላሴ ሁለት እጇን የፊደል ሰሌዳው ላይ አሳረፈች። ከዚያ የቀብሩ ሰዓት ደረሰ።

ወይዘሮ እንጉዳይ በስምንት ሰዓት ተቀበሩ። ደብሩ ለሰዉ አልበቃም። ጸሐይ ወጥታ የጉና ራስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ነፋሱ ግን ይቆርጣል። ለተሥላሴ አላለቀሰችም። አፈሩ ሲመለስም አላለቀሰችም። ሰው «ድርቅ አለች፣ እንባዋን ምን ወሰደው?» ሲል ሰምታለች። የምታስበው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ሰዓት። እናቷን ለመሰናበት የተሰጣት ያ አንድ ቀን ነው፤ እሷ ግን ሌላ አገር ያለ የአንድ ወጥ ቤት ግድግዳ ሰዓት ስትቆጥር ዋለችው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮው ሲዞር፣ ከገሳይ የመጡ አንዲት አልቃሽ ተነሥተው ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ አሉ፦

«አንዷ ልጅሽ ከእግርሽ፣ አንዷ ባሕር ማዶ፣
ማን አፉ ደፍሮ ያድርስላት መርዶ?»

ድንኳኑ ተንጫጫ። ለተሥላሴና ሚሚ ብቻ መርዶውን ማን እንደሚያደርስ ያውቃሉ።

ጸሐይ ጠልቃ ፋኖሱ ከተሰቀለ ጥቂት ቆይቶ፣ ደረቷ ውስጥ የሸጎጠችው ስልክ ተንቀጠቀጠ። አወጣችው። ለደሳለች የወጣው መልእክት «ደርሷል» ይላል። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ትንሽ ቆየ። «ተነቧል» አለ።

ዳኛቸው በጉባኤው ላይ «ይህችን ቃል የምታዩበት ቅጽበት የሥራችሁ ደመወዝ ናት» ብሎ ነበር።

ቀጥሎ የድምፅ መልእክት መጣ። ለተሥላሴ ከድንኳኑ ወጥታ ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥግ ተጠግታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«እታለም... ይኼኛው ሙከራ አላማረኝም። ሌላ ስም አጥተሽ ነው? በእምዬ ይሞከራል? ልቤ ልትወጣ ነው እኮ። ሙከራ ነው በዪኝ። እ? አሁኑኑ ሙከራ ነው በዪኝ፤ ማዳም እየመጣች ነው።»

ለተሥላሴ ልትናገር የድምፁን ምልክት ተጫነች። አፏን ስትከፍት ከደጅ አዲስ ለቀስተኛ ደረሰ፤ የይፋግ ዘመዶች ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ተነሥቶ ተቀበላቸውና ዋይታው እንደ ገና ተቀጣጠለ። ጣቷን አነሣች። ቤቱን ዞራ ሞከረች፤ እዚያም ይሰማል። እሷም ቃል ብታወጣ ድምፅዋ ራሱ መርዶ ነው።

ሰው እስኪሰበሰብላት፣ እስከ ዓርብ፣ ሁለት ቀን ብቻ ልትሰጣት ፈለገች። ስለዚህ እዚያው፣ ከድምፅ መልእክቶቻቸው ሥር፣ በገዛ እጇ ጻፈች።

«ሙከራ ነው፤ ማንም አልሞተም።»

«ደርሷል» አለ። «ተነቧል» አለ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ አንዲት የድምፅ ቃል መጣች። ሳቅ የለባትም። ቀስ ያለች ናት።

«ተመስገን።»

ለተሥላሴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ሴቶቹ ደርሰው ያዟት። «እሰይ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሏት።

ሐሙስ ማታ ደሳለች በድምፅ ላከች። የማዳሟ ትንሽ ልጅ ትኩሳት እንደያዘው፣ ብርዱ እዚያም እንደገባ አወራች። «እምዬን ሳሚልኝ» ብላ ጨረሰች። ለተሥላሴ መልእክቱን ለአያ ንብረት አሰማቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልሰማችም፤ ጥሩ ነው» አሉ። ስለዚያ ረቡዕ መልእክት እሷም ሚሚም ለማንም አልተነፈሱም።

ዓርብ ከሰዓት ከኩዌት ለሚሚ ተደወለ። ትልቋ ሴት ናቸው። ሴቶቹን ሰብስበው፣ ደሳለችን መሐል አስቀምጠው ነገሯት። «ወደቀች» አሉ። «ሦስት ሆነን ነው የያዝናት። ልብሷን ልትቀድ ነበር። እኛም የየራሳችንን እናት እያስታወስን አብረናት ዋልን። ምስኪን፣ ምንም አላወቀችም ነበር።»

አያ ንብረት ሲነገራቸው ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ። «እንደ ወጉ ሰማች» አሉ። ለተሥላሴም እንደዚያው አመነች። ውሸቷ እኅቷን እስከ ዓርብ አደረሰላት ብላ አሰበች፤ በዚያ በጋውንም ክረምቱንም ተጽናናች።

ደሳለች ውሏን ጨርሳ በመስከረም ገባች። ከስታለች፤ ጸጉሯን አሳጥራዋለች። በማግሥቱ ሁለቱ እናታቸው መቃብር ሄዱ። አደይ አበባው በመቃብሩ ዙሪያ በቅሏል። ደሳለች ድንጋዩን በእጇ ስትጠርግ ቆይታ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ረቡዕ ማታ ነው ያወቅሁት።»

«የትኛው ረቡዕ?»

«የላክሽልኝ ማታ ነዋ።»

ለተሥላሴ ከጎኗ ተንበረከከች። «ሙከራ ነው ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለሽኛል። በጽሑፍ ነዋ ያልሽኝ እታለም። ሙከራውን የሚልከው መተግበሪያው ነው፤ አንቺ መቼ ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽ? ድምፅሽን ስጠብቅ ፊደል መጣ። ድምፅሽን ስትደብቂኝ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ተመስገን አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? እምዬን ቀብረሽ አፈሩ ሳይደርቅ ለእኔ ስትዋሺ ነበር። ውሸትሽን ፊትሽ ላይ ልመልሰው?» ደሳለች ድንጋዩን መጥረጓን አልተወችም። «ማዳም ልብስ ተኩሺ አለችኝ፤ ተኮስኩ። ሐሙስ ልጁ አመመው፤ አዝዬው ዋልኩ። ብቻዬን ባለቅስ ማን ይይዘኛል ብዬ ፈራሁ። ሚሚ ሴቶቹን እንደምትሰበስብልኝ አውቅ ነበር፤ ሌላ ምን ታደርጋለች? እስከ ዓርብ ያዝኩት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ነዋ። ከማን ጋር?»

ለተሥላሴ ልትናገር ሞከረች፤ ደሳለች እጇን ያዘቻትና «ተይው፤ አሁን ሁለት ነን» አለቻት። እዚያው መቃብሩ ራስጌ እንደ አዲስ ለቅሶ ተያይዘው አለቀሱ። በዚያ ያለፉ አንድ ዲያቆን የዛሬ ቀብር መስሏቸው ቆመው ጠበቁ።

በኅዳር ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ለተሥላሴ ላለመሄድ ብዙ አመነታች፤ ሄደች። አምስት ደቂቃዋ ሲደርስ አንድ የቀየረችውን ነገር አሳየች። የሟች የቅርብ ዘመድ የሆነ ሁሉ፣ የትም ቢሆን፣ ለሙከራም ቢሆን፣ ስሙ በዘመድነት ይመዘገባል። አንድ ሽማግሌ «ተነግሮታል» ብሎ እስኪጫን ድረስ ስልኩ አይጮኽም።

አንድ ወጣት ጠየቀ። «ሽማግሌው ቢረሳስ? የጊዜ ገደቡ ስንት ሰዓት ነው?»

«ገደብ የለውም» አለች።

ዳኛቸው ከፊት ተቀምጦ ነበር። «እኔ ባለፈው መልእክት ደጅ ላይ እንደ ሽማግሌ ይጠብቅ ብዬ ነበር» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «አሁንስ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«ሌሎቹን ሽማግሌዎች» አለች። «እኛ አገር መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ይዞ አይሄድም። ስልክ ብቻውን ነው የሚሄደው። እናቴ የሞተች ቀን ብቻውን ሄደ።»

ዳኛቸው ፈገግታውን ተወው። ቀጣዩ ተናጋሪ ሲጠራ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወረደች።

በዚያው ወር ደሳለች በእናቷ ምትክ የዕድሩ አባል ሆነች። ስሟን መተግበሪያው ላይ፣ በዚህ ጊዜ ከእናቷ ቤት ሥር፣ ያስገቡት አቶ ፈንታሁን ናቸው።